ከሚሲሲፒ ዳር እስከ ተልባው እርሻ፦ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲን ሥር ፍለጋ

ሐሙስ፣ ሚኒያፖሊስ

ሚኒሶታ የምንኖር ሐበሾች በምርጫ ሰሞን "ዲ ኤፍ ኤል" የሚለውን ስም ሳንሰማ አንውልም። ኮከስ በሚባለው የፓርቲ የሠፈር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ፣ በሩን የምርጫ ቀስቃሽ ያንኳኳበት ሁሉ ያውቀዋል። የአካባቢያችን ዴሞክራቶች ሙሉ ስም የዴሞክራት፣ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ነው። ገበሬው እና ሠራተኛው እዚያ ስም ውስጥ እንዴት ገቡ? ብዙዎቻችን ድምፃችንን ሰጥተን እንሄዳለን እንጂ ይህን አንጠይቅም። እኔ ግን ነገሩ ልቤን ስለያዘው ዱካቸውን ተከትዬ ወደ ምዕራብ ለመሄድ ወሰንኩ። መነሻዬ ሚኒያፖሊስ፣ መድረሻዬ የሞንታና ድንበር ነው። ታሪኩን ከጫፉ ጀምረን ወደ ሥሩ እንሄዳለን ማለት ነው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አብረውኝ የሚጓዙት ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ለረጅም ዓመታት የጭነት መኪና ነድተዋል፤ 94 የሚባለውን አውራ ጎዳና አብጠርጥረው ያውቁታል። በወጣትነታቸው ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘማች ነበሩ። "መሬት ላራሹ" ብለው ከጮኹትም ናቸው። የገበሬ ነገር ከተነሳ ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

መጀመሪያ የሄድነው ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለው የወፍጮ ሙዚየም ነው። ሕንፃው ዋሽበርን ኤ የሚባለው ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ ነበር። በ1878 የዱቄት ብናኝ እሳት ይዞ ፈነዳና 18 ሰዎች ሞቱ። እንደገና ተሠራ። በ1991 ደግሞ ተቃጠለ። ዛሬ ፍርስራሹ እንዳለ ሆኖ ሙዚየም ሆኗል። ከፎቅ ላይ ቆሞ ፏፏቴውን ቁልቁል ማየት ይቻላል። ወፍጮዎቹን ሲያዞር የነበረው ይህ ውኃ ነው። ከ1880 እስከ 1930 ድረስ ከሚኒያፖሊስ በላይ ዱቄት የሚፈጭ ከተማ በአሜሪካ አልነበረም።

ስንዴው ግን የዚህ ከተማ አልነበረም። ከዳኮታ ሜዳዎች በባቡር ነበር የሚመጣው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ስንዴውን የሚሸጠው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ላለው ጎተራ ነው። ኤሌቬተር ይሉታል። ሚዛኑ የገዢው ነው። ደረጃውን የሚያወጣው ገዢው ነው። ከክብደቱ ላይ "ይሄ አፈር ነው፣ ይሄ እንክርዳድ ነው" ብሎ የሚቀንሰውም ገዢው ነው። ዋጋው የሚወሰነው ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ የንግድ ምክር ቤት በሚባለው የእህል ገበያ ነው። የባቡሩን ኪራይ የሚከፍለው ግን ገበሬው ነው። በ1910 እና በ1912 መካከል ባሉት ሁለት ዓመታት ሚኒያፖሊስ ጎተራዎች የገባው አንደኛ ደረጃ ስንዴ 15 ሚሊዮን ተኩል ቡሼል ገደማ ነበር፤ ቡሼል የእህል መስፈሪያ ነው። አንደኛ ደረጃ ተብሎ የወጣው ግን ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋል። ሁለተኛ ተብሎ የተገዛው ጎተራ ውስጥ አድሮ አንደኛ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። የልዩነቱ ትርፍ የገዢው ነው።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ፣ "እኛ ስንዘምት ጠላታችን ባለመሬቱ ነበር። እነዚህ መሬቱ የራሳቸው ሆኖም ተዘረፉ ማለት ነው?" አሉኝ። ልክ ናቸው። መሬቱ በእጃቸው ነበር። ሚዛኑ ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ መጋዘኖቹ ሠፈር ተሻገርን። እዚህ በሐምሌ 1934 የጭነት መኪና ነጂዎች አድማ መትተው ነበር። ሐምሌ 20 ቀን ፖሊስ ተኮሰባቸው። 67 ሰዎች ቆሰሉ፣ ሁለት ሞቱ። የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ጋሼ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ኮፍያቸውን አውልቀው ነው ያነበቡት። በዚያን ጊዜ የግዛቱ ገዢ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲው ፍሎይድ ኦልሰን ነበር። ወታደር አሰማራ፣ የማርሻል ሕግ አወጀ። መጀመሪያ ላይ የአድማውን መሪዎች እስከማሰር ደርሶ ነበር። የአሠሪዎቹን ማኅበር ቢሮም በረበረ። በነሐሴ ወር አሠሪዎቹ እጅ ሰጡ፤ የነጂዎቹ ማኅበር ዕውቅና አገኘ። ሚኒያፖሊስ የሠራተኛ ማኅበር ደፍሮ የማይገባባት ከተማ መሆኗ ያኔ አበቃ።

ኦልሰን የኖርዌይ አባትና የስዊድን እናት ልጅ ነው። ያደገው በሰሜን ሚኒያፖሊስ፣ በድሃ አይሁዶች መካከል ነው። ይዲሽ የሚባለውን ቋንቋቸውን ይናገር ነበር። በ1930፣ በ1932 እና በ1934 አሸነፈ። በ1933 ገበሬውና ባለቤቱ (የቤት ባለንብረቱ) በዕዳ መሬቱንና ቤቱን በሐራጅ እንዳያጣ የሚያግድ ሕግ አስወጣ። ሕጉ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1934 በ5 ለ4 ድምፅ ጸና። በነሐሴ 1936 ገና በ44 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ሐውልቱ ዛሬ በስሙ በተሰየመው ጎዳና ዳር ቆሟል። ያ ጎዳና ሲሰፋ የፈረሰው ግን እሱ ያደገበት የድሃ ሠፈር ነው፤ የአይሁዶችና የጥቁሮች ሱቆችና ቤቶች የነበሩበት። ይህ ያናድደኛል። ለድሃ የቆመን ሰው በድሃ ቤት ፍርስራሽ ላይ ማክበር ክብር አይመስለኝም።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፓርቲው በ1938 ክፉኛ ተሸነፈ። በ1944 ከዴሞክራቶቹ ጋር ተዋሐደ። ዲ ኤፍ ኤል የተወለደው ያኔ ነው።

ዓርብ፣ ሊትል ፎልስ እና ፋርጎ

ሊትል ፎልስ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ትላለች። ብዙ ሰው የሚመጣው የአብራሪውን የቻርለስ ሊንድበርግን የልጅነት ቤት ለማየት ነው። ቤቱ ወንዙ ዳር ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፓርክ ግን የተሰየመው በአባትየው ስም ነው። ጎብኚው ይህን ልብ ሳይል ያልፋል። እኛ የመጣነው ለአባትየው ነው።

አባትየው ሊንድበርግ ከ1907 እስከ 1917 የኮንግረስ አባል ነበር። ትልልቅ ባንኮችን ሲሞግት የኖረ ሰው ነው። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ መግባቷንም ተቃውሟል። በ1918 ለሚኒሶታ ገዢነት ሲወዳደር ከኋላው የቆመው ኖንፓርቲዛን ሊግ የሚባል የገበሬዎች ማኅበር ነበር። ከዚህ በኋላ ሊጉ እያልኩ እቀጥላለሁ። የጉዞዬ ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

ሊጉ ፓርቲ አልነበረም። ብልሃቱም ይህ ነበር። አዲስ ፓርቲ ቢያቋቁሙ ማንም እንደማይመርጣቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ በነባሩ ፓርቲ የእጩ ማጣሪያ ምርጫ ውስጥ የራሳቸውን ሰው ያስገባሉ። ያ ሰው ካሸነፈ የፓርቲው ስም የእነሱ ሆነ ማለት ነው። ሊንድበርግም የተወዳደረው በሪፐብሊካን ማጣሪያ ነው።

ዘመቻው አስፈሪ ነበር። በ1917 ሚኒሶታ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን የሚባል አቋቁማ ነበር። ለጦርነቱ ታማኝ አይደሉም የተባሉትን የሚያሳድድ አካል ነው። ብዙ አውራጃዎች የሊጉን ስብሰባ ከለከሉ። ሊንድበርግ በየከተማው ተዋከበ፣ ተያዘ፣ የጨርቅ ምስሉ ተሰቀለ። በ50 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት ተሸነፈ። ግን ወደ 150 ሺህ ሰው መረጠው። ያን ሁሉ ማስፈራሪያ አልፎ!

እዚህ ላይ ስለ ጆን ማይንትስ መናገር አለብኝ። በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ በሉቨርን አካባቢ የሚኖር ጀርመናዊ ዘር ያለው ገበሬ ነበር። በነሐሴ 1918 ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ወሰዱት። ልብሱን ገፈፉት። ጀርባው ላይ ሬንጅ አፍስሰው ላባ ለጠፉበት። ተመልሰህ ብትመጣ እንሰቅልሃለን አሉት። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ፤ ስልኬ ላይ ለጋሼ አሳየኋቸው። አንዱ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሬንጁ ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ እንደ ቅርፊት ተጋግሯል። ላባው እዚህም እዚያም ተጣብቋል። ጋሼ ስልኩን መለሱልኝ እንጂ ምንም አልተናገሩም። ማይንትስ በኋላ ከሰሰ። መጀመሪያ ተረታ፣ ይግባኝ አለ፣ በመጨረሻ 6 ሺህ ዶላር ተካሰ።

እኛ ስደተኞች ነን። "የማን ነህ? ታማኝነትህ ለማን ነው?" የሚለው ጥያቄ መቼ እንደሚነሳ እናውቃለን። ሰውየው ስለ ስንዴ ሚዛን ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ስለ ባንዲራ ከሆነ፣ መልስ የጠፋው ጠያቂው ጋር አይደለም።

በዚያው ዓመት በኅዳር ምርጫ የሊጉና የሠራተኛ ማኅበራት ሰዎች አንድ እጩ አቆሙ። የምርጫ ወረቀቱ የድርጅት ስም ስለጠየቃቸው "ገበሬ-ሠራተኛ" ብለው ተመዘገቡ። ስሙ ሚኒሶታ ውስጥ በምርጫ ወረቀት ላይ የወጣው ያኔ ነው። በ1922 ሄንሪክ ሺፕስቴድን ለአሜሪካ ሴኔት አስመረጡ።

ወደ ማታ ፋርጎ ገባን። ሊጉ ጋዜጣውን የጀመረው እዚህ ከተማ ነው፣ በመስከረም 1915። ጋዜጣው በካርቱኑ ገበሬውን ያስቅ፣ ያናድድም ነበር። ካርቱኑን የሚሥለው ጆን ቤር በ1917 በሊጉ ድጋፍ ኮንግረስ ገባ። የሊጉ ምልክት ፍየል ናት። ወደፊት የምትገፋ፣ የማትያዝ ፍየል። ገበሬዎቹ ደረታቸው ላይ ያደርጓት ነበር።

ከእራት በፊት የሰሜን ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ላድ አዳራሽ የሚባለውን ሕንፃ አየን። ኤድዊን ላድ ኬሚስት ነበር፣ የያኔው የግብርና ኮሌጅ ፕሬዚዳንት። ገዢዎቹ "ይህ ለከብት እንጂ ለሰው አይሆንም" ብለው በርካሽ የሚገዙትን ቀላል ስንዴ ወሰደና ፈጨው። አቦካው፣ ጋገረው። ጥሩ ዳቦ ወጣው። ይህን አሳትሞ አወጣ። ገበሬው ለዓመታት ሲጠረጥር የነበረውን ነገር አንድ ምሁር በምድጃ አረጋገጠለት። በ1920 ሊጉ ላድን ለሴኔት አስመረጠው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ሰው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ግራንድ ፎርክስ

ከፋርጎ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። መሬቱ ዝርግ ነው። ነሐሴ ስለሆነ አጨዳ ላይ ናቸው። ኮምባይኖቹ አቧራ ተከትሏቸው ይሄዳሉ። አንድ ኤሌቬተር ጋ ቆመን ለማየት ፈቃድ ጠየቅን፤ ደስ ብሏቸው አስገቡን።

ስንዴ የጫነ መኪና ሚዛን ላይ ይወጣል። ከላይ በኩል አንድ ረጅም የብረት ቱቦ ወርዶ ጭነቱ ውስጥ ይጠልቃል። ከተለያየ ቦታ ናሙና ይመጥጣል። ናሙናው በቧንቧ ተስቦ ቢሮ ውስጥ ይወድቃል። አንዲት ወጣት ትነፋዋለች፤ ገለባውንና እንክርዳዱን ለብቻ ትመዝናለች። ማሽኑ እርጥበቱንና ፕሮቲኑን ይናገራል። ከዚያ ወረቀት ይታተማል። ጠቅላላ ክብደት፣ ተቀናሽ፣ ደረጃ፣ ዋጋ። ገበሬው መኪናው ውስጥ ሆኖ ወረቀቱን ይቀበላል። ጋሼ "ካልተስማማህስ?" ብለው ጠየቁት። "ናሙናዬን ወደ መንግሥት መርማሪ እልካለሁ" አለ። አዲስ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። ሊጉ ከመነሳቱ በፊት ግን ገበሬው እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም።

ግራንድ ፎርክስ ዳር ላይ የሰሜን ዳኮታ ወፍጮና ጎተራ ቆሟል። ከሩቅ ይታያል። ባለቤቱ የግዛቱ መንግሥት ነው። በአሜሪካ ሌላ የግዛት መንግሥት የዱቄት ፋብሪካ የለውም። ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1922 ነው። አሳቡ ቀላል ነበር። ስንዴያችንን እዚሁ እንፍጨው፤ ሚኒያፖሊስ የምትወስደው ትርፍ እዚሁ ይቅር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ፤ ይከስር ነበር። ተቃዋሚዎቹ በየምርጫው መሣለቂያ አደረጉት። ግን አልተዘጋም። ዛሬ በሀገሪቱ ካሉት ትልልቅ የዱቄት ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ከትርፉ ከፊሉ ወደ ግዛቱ ግምጃ ቤት ይገባል።

አጥሩ ውጪ ሆነን የባቡር ፉርጎዎች ሲሞሉ አየን። አየሩ የዱቄት ሽታ አለው። ከተማ ውስጥ ካለ ሱፐርማርኬት "ዳኮታ ሜይድ" የሚል ከረጢት ገዛሁ። የዚሁ ወፍጮ ዱቄት ነው። ባለቤቴ ለድፎ ዳቦ ትሞክረዋለች።

እሑድ፣ መንገድ ላይ

ወደ ፋርጎ ተመልሰን ወደ ምዕራብ። ጄምስታውን ላይ ግዙፍ የጎሽ ሐውልት አለ። ልጆች ያሉት ሰው ይቁም። እኛ ቤንዚን ቀድተን አለፍን። ቢስማርክ ማታ ገባን።

ሰኞ፣ ቢስማርክ

የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ባለ 19 ፎቅ ነው። በዙሪያው ሜዳ ስለሆነ ከየትም ይታያል። የድሮው በታኅሣሥ 1930 ተቃጥሎ ነው ይህ የተሠራው። ነገሩ ሁሉ የተቀጣጠለው በድሮው ሕንፃ ውስጥ ነበር።

የሰሜን ዳኮታ መራጭ በ1912 እና በ1914 ግዛቱ የራሱ ጎተራ እንዲኖረው በድምፁ ፈቅዶ ነበር። በ1915 መጀመሪያ ላይ የሕግ አውጪዎቹ ጎተራውን ውድቅ አደረጉት። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ቢስማርክ መጥተው ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል "ቤታችሁ ሂዱና አሳማችሁን ቀልቡ" አላቸው ተባለ። ሰውየው አላልኩም ብሎ ካደ። ወሬው ግን በየእርሻው ደረሰ። ንቀት ከረሃብ ይበልጥ ያስቆጣል። ጋሼም ይህን ሲሰሙ "አውቃታለሁ እቺን አነጋገር" አሉ።

አርተር ታውንሊ የሚባል የከሰረ ገበሬ ያን ቁጣ ወሰደና ሥራ ላይ አዋለው። በየካቲት 1915 በዲሪንግ አካባቢ ወዳለው የፍሬድ ውድ እርሻ ሄደ። ውድ በሠፈሩ የተከበረ ሰው ነበር። ሁለቱ ሆነው ከጎረቤት ጎረቤት እየዞሩ መቀስቀስ ጀመሩ። ዘዴያቸው ይህ ነው። ቀስቃሹ ብቻውን አይሄድም። ሰውየው የሚያምነውን ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ስለ ፍልስፍና አያወራም። ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ወለዱ ያወራል። ከዚያ ገንዘብ ይጠይቃል። መጀመሪያ 2 ዶላር ከ50፣ ቆይቶ 6፣ 9፣ በመጨረሻም 16 ዶላር። ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ስለሌለው ከአጨዳ በኋላ የሚመነዘር ቼክ ይጽፋል። በተሰበሰበው ገንዘብ ፎርድ መኪኖች ተገዙ። ቀስቃሾቹ በእነዚያ መኪኖች ግዛቱን አካለሉት።

ለምን ያን ያህል ገንዘብ? የከፈለ ሰው አይተውም ብሎ ያምን ነበር ታውንሊ። እኔም እዚህ ላይ እስማማለሁ። በነፃ የተሰጠ የአባልነት ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጋሼ ግን ተከራከሩኝ። "እኛ ገበሬውን በማኅበር ስናደራጅ አንድ ሳንቲም አልጠየቅንም" አሉ። "ታዲያ ማኅበሩ የማን ነበር?" አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። "አዋጁ ከላይ ነው የመጣው። እኛም ከላይ ነው የመጣነው። ደግ አስበን ነበር" አሉ። እርሳቸውን መውቀሴ አልነበረም። በ1975 በአዋጅ የተሰጠው መሬት ለብዙ ሚሊዮን ገበሬ እፎይታ ነበር። ገበሬው ራሱ ያቋቋመውና ራሱ የሚሽረው መሪ ግን አላገኘም።

በ1916 የሊጉ እጩ ሊን ፍሬዘር ገዢ ሆኖ ተመረጠ። ሁፕል ከሚባል መንደር የመጣ ገበሬ ነው። ከመቶ 79 ድምፅ አገኘ። በ1918 ሁለቱም ምክር ቤቶች በሊጉ እጅ ገቡ። የ1919 ጉባኤ የሠራውን ማሰብ ይገርማል። የግዛቱ ባንክ፣ ወፍጮና ጎተራ፣ የበረዶ አደጋ መድን፣ ለተጎዳ ሠራተኛ ካሳ፣ ገቢው ከፍ ባለ መጠን የሚጨምር ግብር። እነዚህን ድርጅቶች የሚያስተዳድረው ገዢው፣ ዋና ዐቃቤ ሕጉና የግብርናና የሠራተኛ ኮሚሽነሩ ያሉበት ኮሚሽን ነው። ሊጉ በዚያ ጊዜ በ13 ግዛቶች ውስጥ ወደ 200 ሺህ አባላት ነበሩት።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ የስንዴ ዋጋ ወደቀ። ትልልቅ የገንዘብ ቤቶች የግዛቱን ቦንድ አንገዛም አሉ። በሊጉ ውስጥም የሚያሳፍር ነገር አልጠፋም። ለዝቅተኛ ገቢ ሰው ቤት እንዲሠራ የተቋቋመው ድርጅት ለዐቃቤ ሕጉ ለዊልያም ሌምኬ ከተፈቀደው ዋጋ በላይ የሆነ ቤት ሠራለት። ሕዝብ ይህን አይረሳም፤ መርሳትም የለበትም። ታውንሊ ደግሞ ሁሉን ነገር በራሱ እጅ ይዞ ነበር። ሒሳቡን ለአባላቱ በደንብ አላሳየም። ጠላት በዛበት ተብሎ ይህ ሊታለፍ አይገባም።

በጥቅምት 1921 ፍሬዘር፣ ሌምኬና ኮሚሽነሩ ጆን ሄገን በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን ተነሱ። በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የተሻረ የመጀመሪያው የግዛት ገዢ ፍሬዘር ነው። ሁለተኛው እስኪመጣ 82 ዓመት ፈጀ፤ ካሊፎርኒያ፣ በ2003። ፍሬዘር የተሻረው በ4 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት ነበር።

በዚያው ቀን ግን በዚያው ወረቀት ላይ ሌላም ጥያቄ ነበር። ባንኩንና የሊጉን ሥራዎች የሚያፈርሱ ሐሳቦች ቀርበው ነበር። መራጩ ውድቅ አደረጋቸው። ሰዎቹን አወረደ፣ ሥራቸውን አስቀረ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ፍሬዘር ሴኔት ላከው። እስከ 1941 እዚያ ቆየ። እሱና ሌምኬ በ1934 ገበሬን ከዕዳ ሐራጅ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አወጡ።

ምክር ቤቱ ውስጥ ሳለን ስለ ሚኒ ክሬግ ጠየቅሁ። የሊጉ ሰው ነበረች፣ ኤስመንድ ከሚባል ትንሽ ከተማ። በ1933 የሰሜን ዳኮታ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነች። በአሜሪካ ከዚያ በፊት የግዛት ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆነች ሴት አልነበረችም። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከሰዓት ወደ ባንኩ ሄድን። ሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ያለ ዘመናዊ የመስታወት ሕንፃ ነው። የሰሜን ዳኮታ ባንክ በሐምሌ 28 ቀን 1919 በ2 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ተከፈተ። ከ50ዎቹ ግዛቶች የራሱ ባንክ ያለው ይህ ግዛት ብቻ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የግዛቱ ገንዘብ፣ ግብሩ ሁሉ፣ እዚያ ይቀመጣል። ገበሬው ግን የሚበደረው ከሠፈሩ ባንክ ነው። የግዛቱ ባንክ ብድሩን ይጋራል። ስለዚህ ትንሹ ባንክ ብቻውን የማይችለውን ያበድራል። ተቀማጩን ዋስ የሚሆነው ግዛቱ ራሱ ነው። ዛሬ ሰሜን ዳኮታን የሚመሩት ሪፐብሊካኖች ናቸው። ከገበሬ ማኅበር የተወለደውን ባንክ ለመዝጋት ግን አያስቡም።

ማክሰኞ፣ ቢች

ከቢስማርክ ወደ ሞንታና ድንበር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መሬቱ መጀመሪያ ይሰባበራል። ባድላንድስ የሚሉት ቀይና ግራጫ ገደል ይመጣል። ከዚያ እንደገና ዝርግ ይሆናል። ቢች እዚያ ላይ ናት።

ታውንሊ እዚህ ተልባ ዘርቶ ነበር። ጥቂት ጋሻ አይደለም፤ ሰዎች የተልባ ንጉሥ ይሉት ነበር። ማሽኑን በብድር ገዛ፣ መሬት በብድር አሰፋ። አንድ ዓመት ውርጭ መጣ። የተልባ ዋጋም ወደቀ። የቀረው ዕዳ ብቻ ሆነ። ከዚያ በሶሻሊስት ፓርቲ ውስጥ ቀስቃሽ ሆነ። አባላትን በብዛት ማስገባት ሲጀምር ፓርቲው ደነገጠና አስቆመው። ታውንሊ ወጣ። ሊጉን የመሠረተው በዚያው ክረምት ነው።

ፍጻሜው አያምርም። በጦርነቱ ጊዜ በተናገረውና በጻፈው ተከሶ በ1919 ጃክሰን፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተፈረደበት። 90 ቀን ታሠረ። ከሊጉ ወጣ። በስተርጅናው መድን ይሸጥ ነበር፤ ኮሙኒዝምን የሚያወግዝ ንግግርም ያደርግ ነበር። በኅዳር 1959 በማኮቲ አካባቢ በመኪና አደጋ ሞተ። ሊጉ ደግሞ በ1956 ከዴሞክራቶቹ ጋር ተዋህዶ ነበር።

ምሳ በበላንበት ቤት አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ከየት እንደመጣን፣ ለምን እንደመጣን ጠየቁን። ነገርናቸው። "አያቴ የሊጉ አባል ነበር" አሉን። "በ1921 ግን ፍሬዘርን ለማውረድ ድምፅ ሰጥቷል።"

ጋሼ ወዲያው "ባንኩንስ? ለመዝጋት ነው የመረጠው?" አሏቸው።

"የለም። ባንኩም ሌላውም እንዲቀጥል ነው የመረጠው።"

"ለምን?"

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ በረዶ መጥቶ ስንዴውን ሁሉ መሬት ላይ አንጥፎት ነበር አሉ። ከግዛቱ የበረዶ መድን የተከፈለው ገንዘብ ለዘር ደረሰ። አያትየው በሚቀጥለው ጸደይ የዘሩት በዚያ ነው። መሬቱን ዛሬ የሚያርሰው የሽማግሌው ልጅ ነው።